ዓይናለም ረክታለች ወይ?

«በወሰድሽው የተግባር ሥልጠና ምን ያህል ረክተሻል?» አላት እንግዳው።

በስመ አብ! ከዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጉዞ መጥቶ፣ የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚጠይቃት ይህን ነው። እኔ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ክርኔን አስደግፌ እሰማለሁ። አባቴ ከነሱ ራቅ ብለው፣ ግቢው ውስጥ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የጥቅምት ፀሐይ እየሞቁ ያስላሉ። ረክተሻል ወይ የሚባለው ድግስ በልቶ ለሚወጣ ሰው ነው እንጂ ለዓይናለም ይባላል? ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ ከሁሉም የቀደመው ግን ንዴቴ ነው።

እቴነሽ እባላለሁ። ከደብረ ታቦር ከተማ አልፎ፣ ከገሳይ ወዲህ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ካርድ አወጣለሁ። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ካርድ ክፍል ማለት የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ከእኔ ጋር የሚነታረክበት ቦታ ነው። ስም ስጠይቅ «አታውቂኝም እንዴ?» ይሉኛል፤ ዕድሜ ስጠይቅ «አንቺው ገምቺው» ይሉኛል። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዓይናለምን ግን አውቃታለሁ፤ እዚህ ከተመደበች ጀምሮ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ሽሮውን ከአንድ ድስት እየበላን ነው የኖርነው።

ዓይናለም የሐሙሲት ልጅ ናት። አባቷ አቶ አለሙ ገበሬ ናቸው፤ በገበያ ቀን ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ አጠገብ ቆመው ላገኙት ሰው ሁሉ «ልጄ ደም መርማሪ ናት» የሚሉ ሰው። ልጅ ሳለች እናቷ ታመውባት ክሊኒክ አብራ ሄዳ ነበር። እዚያ የነበረው የላብራቶሪ ሠራተኛ ደግ ሰው ኖሮ፣ ስትቁለጨለጭ አይቶ በርጩማ ላይ አቆማትና በማይክሮስኮፑ አሳያት። የእናቷ ደም ውስጥ ወባዋን አየቻት። «እቴነሽ ሙች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም» ትለኛለች። ሌላው ልጅ ሐኪም ካልሆንኩ ብሎ ሲያለቅስ፣ እሷ ላብራቶሪ ሲደርሳት እልል ብላለች። ከሰው ደም ውስጥ የተደበቀውን ፈልጎ የሚያወጣ ሰው መሆን ነው የፈለገችው። ይህን ፈልጋ ነው የገባችው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ምን አስተማሯት? ልንገራችሁ፤ እኔ ስሰማው ነው ደሜ የፈላው።

ለአንድ ማይክሮስኮፕ አንድ መንጋ ተማሪ ነበር። ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ትላለች፤ አስተማሪው ከኋላ «አየሽ? አየሽ? እሺ፣ ቀጣይ!» ይላል። «ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር፤ አላየሁም ብል ደግሞ ደደብ ልባል ነው» ትላለች። ሁሉም አየሁ እያለ አለፈ።

የስላይዶች ሳጥን ደግሞ ነበረቻቸው፤ ስላይድ ማለት ናሙና የሚቀባባት ስስ መስታወት ናት። የወባ፣ የጃርድያ፣ የቲቢ፣ ሁሉም ድሮ ተቀብተው፣ ቀለም ጠጥተው፣ ደርቀው የተቀመጡ። ሰው የለበትም፤ ሳል የለበትም፤ መስታወት ብቻ። የቲቢዋ ስላይድ ጥግዋ ላይ ተሰንጥቃ ነበር። የተግባር ፈተና ሲደርስ አንዱ ለሌላው «የተሰነጠቀችው ቲቢ ናት» ይባባላል፤ ሁሉም በስንጥቋ ለይቶ ይጽፋል፣ ሁሉም ያልፋል። ዓይናለምም በስንጥቋ አለፈች። ይህን ስትነግረኝ ሳቅን፤ ያን ጊዜ ገና አባቴ አልታመሙም ነበር።

ሆስፒታል ለልምምድ ሲወጡስ? «ዳር ቁሙ፣ ዕቃ እንዳትሰብሩብን!» ነው መቼስ። ሠራተኛው በሕመምተኛ ተወጥሮ ማን ያስተምራቸው? ስም ጻፉ፣ ብልቃጥ እጠቡ፣ ይህን እዚያ አድርሱ። ሲቆዩ ሲቆዩ ኬሚካሉ አለቀ ተባለና ቁጭ አሉ። በዚህ ላይ ኮሮናው አለ፣ ግርግሩ አለ፤ ትምህርቱ እየተቆረጠ እየተቀጠለ በመጨረሻ በጥድፊያ አስመረቋቸው። የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ጎበዝ ናት እኮ! መጽሐፉን ብትጠይቋት እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። አቶ አለሙ በግ አረዱ፤ ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ እኛ ዘንድ ተመደበች። የቀድሞው የላብራቶሪ ሠራተኛ ከተማ ሥራ አግኝቶ ጥሎን ከሄደ ሰንብቶ ነበር። ቁልፉን ሰጧትና «በይ ጀምሪ» አሏት፤ ብቻዋን። የመጀመሪያ ቀን ደም ልትቀዳ አንዲት ሴትዮ ክንድ ላይ መርፌ ይዛ ደም ሥሩን ስታጣው ሴትዮዋ ራሳቸው «አይዞሽ ልጄ» አሏት። ማታ ቤት ስንገባ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ልቅሶ አልወድም፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩና «ነይ ውጊኝ፤ እስክትለምጂ ውጊኝ» አልኳት። ክንዴ ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ፤ ባልደረቦቼ ማን መታሽ እስኪሉኝ ድረስ። ደም መቅዳት እንዲህ ተማረች፤ በእቴነሽ ክንድ። አክታ ግን በእኔ አትማርም፤ እኔ አልታመምኩ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ ቄስ ገብረመድኅን ይባላሉ። ከጤና ጣቢያው በላይ፣ ዳገቱን ወጥቶ ያለው ደብር አገልጋይ ናቸው፤ ገብስና ድንች እያረሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ሰው። ለቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የግድ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ አይቀደስም። በደብራችን ድሮ ቄስ ሞልቶ ነበር። አንዱ ባሕር ዳር ሄደ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ዓይኑ ጠፋ፤ በመጨረሻ የቀሩት አባቴና ቄስ ይሻው ብቻ ናቸው። ስለዚህ አባቴ መታመም አይችሉም ነበር። በቃ፣ አይችሉም።

ሳሉ የጀመራቸው ጥምቀት ሰሞን ነው። እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ነጭ ሽንኩርት በማር አለች። አልተዋቸው ሲል እኔ ጮህኩ፤ «ይምጡ፣ ይመርመሩ!» አልኩ። በአዘቦት ቀን እርሻ አለባቸው፤ ወደ ከተማ የሚወርዱት እሑድ ነው፤ ቀድሰው፣ ቆርበው፣ እኔን ሊጠይቁ። እሑድ ላብራቶሪው ዝግ ነው። ዓይናለም ግን ለእኔ ብላ ከፈተችላቸው። ለእኔ ብላ!

ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠቻቸው። «አባ፣ በደንብ ይሳሉና አክታውን እዚህ ውስጥ ይትፉልኝ» አለቻቸው፤ አንገቷን ደፍታ፣ አፍራ። አባቴ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ኋላ ዞር አሉ፤ ቆይተው መለሱላት። ዕቃው ውስጥ ነጣ ያለ፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነበር። እሷም ስላይዱ ላይ ቀባችው፣ ቀይ ቀለም አፈሰሰችበት፣ አሞቀችው፣ አጠበችው፣ ሰማያዊ ደረበችበት፤ ልክ እንደ መጽሐፉ። ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ ፈለገች፤ ምንም የለም። «ነጻ ናቸው!» ብላ ወጣች፤ እኔም እልል አልኩ። ሽሮፕ ተሰጣቸው፤ ሄዱ።

በዐቢይ ጾም መጡ፤ እሑድ። ነጻ። ከትንሣኤ በኋላ መጡ፤ እሑድ። ነጻ። ነጻ የተባለው ሰውዬ ግን እየመነመነ ነው። ጥምጥማቸው ከፊታቸው በለጠ። ጤና መኮንኑ ጥላዬ «ደብረ ታቦር ሄደው ራጅ ይነሱ» ቢላቸው፣ «ምን ላድርግ ብዬ እደክማለሁ? ያቺ ልጅ ነጻ ነህ ብላኛለች፤ የተማረች ልጅ ናት» አሉ። ሲያሞግሷት ነው እኮ። የሷ ነጻ ነህ ማለት ለአባቴ ጋሻ ሆነላቸው፤ በዚያ ጋሻ እኛን ሁሉ መከቱን።

እንዲህ እያልን ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕፃን አዋቂው ይቆርባል፤ አባቴ በየቀኑ መቅደስ ናቸው። ጾሙ በገባ በሳምንቱ ግድም ዓይናለም ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ዳገቱን ወጣች፤ እሷም ያን ቀን ቆረበች። አልቆ ሕዝቡ መስቀል ሲሳለም፣ አባቴን ሳል ያዛቸው። ጎንበስ ብለው ሳሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይናለም አጠገባቸው ቆማ ታያለች። የአንገታቸው ጅማት ተገተረ፤ ከዚያ ጉሮሯቸው ወደ ታች ሄደ። ዋጡት።

እሷም በዚያች ደቂቃ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የቆመችው። ቆርባለቻ! የቆረበ ሰው ያን ቀን አይተፋም፤ ደሙም እንዳይፈስ እሾህ እንኳ እንዳይወጋው ይጠነቀቃል። ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ልጅ የለም።

በዚያ ጭቃ ቁልቁል እየሮጠች መጣች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። «እቴነሽ! ዋጡት!» ትለኛለች።

«ምኑን?»

«አክታውን! ሁልጊዜ እሑድ ነው የመጡት። ሁልጊዜ ቆርበው ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ትፉ አልኳቸው!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ግን፣ አይ እኔ፣ አፌ መች ዝም ይላል! «አንቺስ? የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም? የቆረበ ሰው እንደማይተፋ አጥተሽው ነው? አባቴን እኮ ገደልሽብኝ!» አልኳት።

ቁጭ አለች፣ ደረጃው ላይ፣ ከነጭቃዋ። «አውቃለሁ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ስገባ ግን አላውቀውም። እዚያ የማውቀው እነሱ የነገሩኝን ብቻ ነው። እቴነሽ፣ እኔ እኮ ሰው አክታ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚመስል አላውቅም። የተሰነጠቀችውን ስላይድ ነው የማውቀው።»

ንዴቴ ከሷ ላይ ተነሥቶ የሚያርፍበት አጣ። ያንን ሁሉ ዓመት መስታወት እያሳዩ «አየሽ? ቀጣይ!» ያሏት ሰዎች እዚህ የሉ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ መንጋ አሰልፈው ያንኑ ይላሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን አባቴ ቤት ወጣን። መደብ ላይ ተቀምጠው መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። ዓይናለም እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባ፣ ያን ዕቃ ስሰጥዎ ምን ነበር ያደረጉበት?»

አባቴ ዳዊቱን አጠፉ። አፈሩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲያፍር አይታችኋል? «ምን ላድርግ ልጄ» አሉ። «ትፉ አልሽኝ። እምቢ ብል አንቺን ላሳፍርሽ ነው፤ ለእኔ ብለሽ በሰንበት የከፈትሽ ልጅ። እሺ ብል ሥጋ ወደሙን ተቀብያለሁ። እናም ከከንፈሬ ጫፍ ጥቂት አረጠብኩልሽ። እሱም አነሰ፤ አንሶ ሲታይ ትቀየሚያለሽ ብዬ ከቧንቧው ጠብ አደረግሁበት።»

ውሃ! የቧንቧ ውሃ ነው ስትመረምር የከረመችው! ቀይ ቀለም ያፈሰሰችበት፣ ያሞቀችው፣ ነጻ ናቸው ብላ እልል ያስባለችኝ፣ የጤና ጣቢያው ቧንቧ ውሃ ነው! አባቴ ይሉኝታ ያዛቸው፣ እሷን እፍረት ያዛት፤ በሁለቱ መሐል ሳሉ አንጀታቸውን በላ።

«አሁን ይስጡኝ አባ» አለች። «ዛሬ ጠዋት፣ ቅዳሴው ሳይደርስ።»

«ትናንት ከሰዓት የተቀበልኩት፣ ቀን እንኳ ሳይሞላው፣ ዛሬ ጠዋት ወዴት ሄዶ?» አሏት። «ጾሙ ይፈታ፤ ያን ጊዜ የፈለግሽውን።»

«እስከዚያ አይቅደሱ ታዲያ!» አልኩ እኔ። «ይረፉ! ቄስ ይሻው ይቀድሱ!»

«ይሻው ብቻውን ይቀድሳል? የምን ብቻውን!» ተቆጡ፤ ቁጣው ሳል አመጣባቸው፤ ያንንም ዋጡት፤ እኛ እያየን። «በፍልሰታ የአገሩ ሕፃን ሁሉ ሊቆርብ መጥቶ እኔ አሞኛል ብዬ በር ልዝጋበት? ፈጽሞ አላደርገውም።»

«አባ፣ ይሞታሉ እኮ» አለች ዓይናለም።

«እየቀደስኩ ከሆነ ምን አለበት?»

እኔ ጮህኩ። እናቴ አለቀሰች። ምን ዋጋ አለው? እሳቸው ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡ። ስንመለስ ዓይናለም መንገድ ላይ «ከጥምቀት ወዲህ እኮ ነው፤ ያኔ ሰኞ ይምጡልኝ ብል ኖሮ» እያለች ብቻዋን ታወራ ነበር። ሰኞ ይምጡልኝ። ይህችን አንዲት ቃል የሚነግራት አስተማሪ አጣች።

የደብረ ታቦር በዓል ዕለት ነው። ከተማው ጅራፍ በጅራፍ ሆኗል፤ ሆያ ሆዬው ከየበሩ ይሰማል። አባቴ ከሌሎቹ ልዑካን ጋር ልብሰ ተክህኖ ሊለብሱ ቆመው ሳለ ሳል መጣባቸው። ሊውጡት ሞከሩ፤ ይኼኛው አልዋጥ አለ። መዳፋቸውን ሲያዩ ደም ነው። ደም የሚፈሰው ቄስ ደግሞ መቅደስ አይገባም። ማንም አላያቸውም እኮ፤ በጋቢያቸው ጠርገው ቢገቡ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ልብሱን አጥፈው መለሱና ወጡ። ቄስ ይሻው ሕዝቡን አሰናበቱት። በደብረ ታቦር በዓል፣ በእኛ ደብር፣ ሳይቀደስ ቀረ፤ ልጆቹ ጾማቸውን ይዘው ተመለሱ።

ዲያቆን ሙሉቀን በበቅሎ ጭኖ አመጣቸው። ከበቅሎው እንደወረዱ ሌላ ነገር አልተናገሩም። «ያን ዕቃ ስጪኝ» አሏት።

ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ሳሉና ተፉ። ዓይናለም ዕቃውን ተቀብላ ወደ ብርሃን ያዘችው። ወፍራም ነው፤ ቢጫ ነው፤ ደም ተጠላልፎበታል። ገና ማይክሮስኮፑ አጠገብ ሳትደርስ እንባዋ ወረደ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አለች። «አክታ እንዲህ ነው?» አራት ዓመት ተምራ፣ ተመርቃ፣ ፎቶዋ ሐሙሲት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እኔን ነው የምትጠይቀኝ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን።

ቀለሙን ጨርሳ ስታይ ብዙም አልፈለገችም። «ነይ እዪ» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ፤ ጥቁር ጥቁር ነገር ይርገበገባል። «ምንድን ነው ይኼ?» ስላት «ሽፋሽፍትሽ ነው። ዓይንሽን ትንሽ አርቂ፣ አትቸኩዪ» አለች፤ ትከሻዬን ይዛ ጠበቀችኝ። ከዚያ አየሁ። ሰማያዊ መሬት ላይ ቀያይ ስንጥር፤ የትየለሌ። ስታሳየኝ እንደ አስተማሪዋ አልቸኮለችም። አባቴን እየበላ የከረመው ያ ነው።

መድኃኒቱ ዕለቱን ተጀመረ። እናቴም እኔም ተመረመርን፤ እሱን ፈጣሪ ይመስገን፣ ነጻ ነን። ደብረ ታቦር ወስጃቸው ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞ «ግራው ሳንባ ተበልቷል። ይድናሉ፤ ይኼኛው ግን የነበረውን አይሆንም። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለኝ። ቀደም ብለን! ከጥምቀት ጀምሮ ስንመጣ እንደነበር ለማን ልንገር?

አባቴ ዳኑ፤ ማለት ሞት ቀረላቸው። ድምፃቸው ግን ሄደ። አንዲት ሐረግ ዜማ ሲጀምሩ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ቁመው መዋል አይችሉም። ደብሩ ሲሆንለት ቄስ ከሌላ ደብር ይለምናል፤ ሳይሆንለት ዝግ ነው። አባቴ በሰንበት ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ያያሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ ነው «ረክተሻል ወይ?» የመጣው። የጠያቂው ስም አማኑኤል ነው። የዓይናለም የክፍል ጓደኛ ነበር፤ አንደኛ ስለወጣ እዚያው መምህር አድርገው አስቀሩት። ተመራቂዎች በሥልጠናው ረክተው እንደሆነ ጠይቀህ ና ተብሎ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ ግን ክፉ ሆንኩበት፤ ሻይ እንኳ አላልኩትም።

«በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ መካከለኛ፣ አልረካሁም፣ በጣም አልረካሁም» ብሎ ዘረዘረላት።

«የመጨረሻው» አለች።

«የቤተ ሙከራው ዕቃ በቂ ነበር?»

«አንተስ አብረኸኝ ተሰልፈህ አልነበር? ምን አየህ?»

አማኑኤል ስልኩን አየ። «ሽፋሽፍቴን» አለ ቀስ ብሎ።

«ስላይዷስ? የተሰነጠቀችው?»

«አለች።» ጆሮው ቀላ። «አሁን እኔ ነኝ የማሳያቸው። ሌላ ስጡኝ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ በጀት የለም አሉኝ። እነሱም በስንጥቋ ነው የሚለዩት፤ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ ዓይናለም?»

«ሰው አሳያቸው!» ጮኸች። ዓይናለም ስትጮህ ያን ቀን ሰማኋት፤ መርፌ ቤት ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። «የሚያስል ሰው አሳያቸው! ቄስ አሳያቸው፣ ገበሬ አሳያቸው! ዕቃውን ሲሰጡት ምን እንደሚያስብ ይጠይቁት! ቆርበዋል ወይ ብለው ይጠይቁት! ይኼ በጀት ይፈልጋል?»

ጥያቄው ግን አላለቀም ኖሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «አንድ ቀረኝ» አላት። «ይህን ሙያ እንዲማር ለሌላ ሰው ትመክሪያለሽ?»

ዓይናለም ወደ ላብራቶሪው በር ዞራ አየች። እኔም ጆሮዬን ቀሰርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ምን እንደምትል እኔም አላውቅም ነበር። በርጩማ ላይ የቆመችውን ልጅ ታስብ ይሆን፣ የቧንቧውን ውሃ ታስብ ይሆን፣ እንጃ።

በዚህ መሐል አባቴ ከፀሐዩ ተጣሩ፤ በዚያች በቀረች ድምፃቸው። «ዓይናለም! ልጄ! ዕቃውን አምጪው፣ መጣልኝ!»

ለመድኃኒቱ ክትትል አክታቸው የሚታይበት ቀን ነበር። ጥያቄውን ጥላው ተነሣች፤ ዕቃውን ይዛ ሮጠች። አጠገባቸው በርከክ ብላ ክዳኑን ከፈተችላቸው። ከእንግዲህ ማንንም ሳትጠይቅ አታልፍምና እሳቸውንም ጠየቀቻቸው፤ «አባ፣ ዛሬ ይችላሉ? የሚከለክልዎ ነገር የለም?»

አባቴ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ፤ የደብሩ ጣራ ከዛፎቹ በላይ ያብረቀርቃል።

«ምን ይከለክለኛል ልጄ» አሉ። «መቅደስ አልገባ።»

ጎንበስ አሉና፣ በቀን ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተፉላት።